የአባቴ ገብስማ ዝንቦች

ዶሮ ሻጩ ቀዩን አንስቶ "ይሄ ይሻልሻል፤ ሥጋ አለው" አለኝ። እኔ ግን ገብስማውን፣ ያውም አንገቱ ላይ ረዘም ያለ ላባ ያለውን አውራ እንደምፈልግ ደግሜ ነገርኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ኮልፌ ገበያ ውስጥ በዓል ሳይሆን መጥቶ የዶሮ ቀለም የሚመርጥ ሰው ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል። እግሩን አስሮ ሰጠኝና ቶሎ ብሎ ወደ ሌላ ገዢ ዞረ። ነገር የማሳልፍ ሴት አይደለሁም፤ "ምን ያስፈጥጥሃል?" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ቀን ግን እንደ ምንም ዋጥ አድርጌ ሄድኩ።

ዶሮው ለአባቴ ነበር፤ በተለይ ላባው። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጉብኝት መኪና ሹፌር ነበር። ወደ ባሌ ተራሮች ከሚያመላልሳቸው ፈረንጆች መካከል በየዓመቱ የሚመጣ አንድ ሽማግሌ ነበርና ትራውት የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ አስተማረው። ትራውት ድሮ ከውጭ አምጥተው በባሌ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ የለቀቁት ዓሣ ነው። ውሃው ላይ የሚያርፉ በራሪ ነፍሳትን ስለሚበላ፣ አጥማጁ መንጠቆ ላይ ላባና ክር እየጠቀለለ የውሸት ዝንብ ይሠራለታል። አባቴ ይህን ሥራ "ዝንብ ማሰር" ይለዋል። እኔ ልጅ ሆኜ ቤታችን ውስጥ እንደ ልብስ ማጠብ የተለመደ ቃል ነበር።

አሁን ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ቀኝ እጁ ነበር፤ ኋላ ግራውም ተከተለ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም ብሎ በግልጽ ነግሮናል። እናቴ ካረፈች ወዲህ አብሮኝ ስለሚኖር ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ሁለታችንም ሌላ ነገር እያወራን ቶሎ እንጨርሰዋለን።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ቁልፉን እየቆለፍኩለት "ክረምቱ ሳይገባ ወንዙን አንዴ ባየው" አለኝ። "ሰኔ ከገፋ ውሃው ይደፈርሳል። ከዚያ በኋላ እስከ ጥቅምት መጠበቅ ነው። እስከ ጥቅምት ደግሞ እኔ…" አልጨረሰውም። እንዲጨርሰውም አልፈለግሁም። ደነገጥኩ፤ አባቴ ለራሱ ብሎ ነገር ሲለምነኝ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

"ዝንብ ግን የለህም" አልኩት። ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት ብል የበላቸውና የዛጉ ነበሩ።

"ጣት ያለሽ አንቺ ነሽ" አለኝ።

ጣትስ አለኝ። አየር ጤና ፀጉር ቤት ውስጥ ሹሩባ ስሠራ ነው የምውለው። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ አባቴ ትንሿን ሞርሳ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያጠብቃታል፤ መንጠቆውን እሷ ላይ አስነክሼ እሱ እየነገረኝ እጠቀልላለሁ። መምረጡ ከማሰሩ ይከብዳል። በዚህ ወር ፀሐይ ሞቅ ሲል ከውሃው ግራጫ ክንፍ ያለው ትንሽ ነገር ይወጣል፤ ለእሱ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት የገብስማ ላባ ነው የሚሆነው። ሲደምን ጥቁር ላባ ይሻላል። ውሃው ትንሽ ከደፈረሰ ደግሞ ከሥር የምትሄድ፣ ሆዷ ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፈር ያለች ዝንብ ያስፈልጋል። ጅራቷን ከፀጉር ቤቱ ካመጣሁት ቡናማ ዊግ ሠራሁላት። አባቴ ዊጉን አገላብጦ አየና "ሙሽራ አደረግሻት" አለኝ።

መጀመሪያ ላይ ክሩን በጣም እየሳብኩ በጠስኩት። "ቀስ በይ፤ ሹሩባ አይደለም፤ ራሷን ታሳምሚያታለሽ" ይለኛል። አንዷን ሠርቼ ሳሳየው ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ያያታል፤ ደህና ከሆነች ቡሽ ላይ ይሰካታል፤ ካልሆነች ምላጩን ወደ እኔ ይገፋል። እኔም እየተነጫነጭኩ ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ። ከአባቴ ጋር እንደዚያ ሰሞን ብዙ ተቀምጠን አናውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር።

የዶሮውን ሥጋ ወጥ ሠርቼ ለጎረቤታችን በሳህን ላክሁላት። ጸሎት የምታበዛ፣ አባቴ በታመመ ቁጥር ሾርባ ይዛ የምትመጣ ደግ ሴት ናት። ሳህኑ ሳይነካ ተመለሰ። በሩ ላይ ቆማ መሬት መሬት እያየች "እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ገብስማ ይዘሽ ስትገቢ አይቼሻለሁ። ለምን እንደታረደ ሳላውቅ አልበላም" አለችኝ። በሩን ዘጋሁት። ቀስ ብዬ እንዳልዘጋሁት አምናለሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን የቤተ ክርስቲያናችንን የቤት ለቤት ኅብረት መሪ ይዛ መጣች። አየር ጤና ጋራዥ ያለው፣ አባቴን በጣም የሚያከብር ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ላባው፣ ክሩ፣ ምላጩና ሞርሳው ተዘርግተዋል፤ ከመካከላቸው ለእሱ የሚገባው ሞርሳው ብቻ ይመስለኛል።

"ጋሼ፣ ምን እየሠራችሁ ነው?" አለ።

"ዝንብ እያሰርን ነው" አለ አባቴ።

"በኢየሱስ ስም!" አለች ጎረቤታችን፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

ቃሉ ከእኛ ቤት ውጭ እንዴት እንደሚሰማ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጠንቋይ ነው የሚያስረው። ሰው ገበያው ይታሰርበታል፣ ማኅፀኗ ይታሰርባታል፣ እጁ ይታሰራል። እነሱ የሚያዩት የገብስማ ላባ፣ ክር፣ እና እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ነው። አንዱ የሌላው ምክንያት መስሏቸዋል። ደሜ ፈላና "እናንተ ሰዎች…" ብዬ ስነሣ አባቴ በዓይኑ አስቀመጠኝ።

"ጸልይልኝ" አለው ሰውየውን። "ጸሎት አልጠላም።"

ቆምን። ሰውየው እጁን አባቴ ትከሻ ላይ ጭኖ ድምፁን ከፍ እያደረገ ጸለየ፤ መጨረሻ ላይ "በዚህ ቤት የታሰረ ሁሉ ይፈታ!" አለ።

"አሜን" አለ አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ። "እነዚህ ሲቀሩ። ልጄ ሰሞኑን እንቅልፍ አጥታ ያሰረቻቸው ናቸው፤ አታስፈታብኝ።"

ማንም አልሳቀም፤ እኔ ብቻ ሳቄን ልደብቅ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ አባቴ ቁጭ ብሎ ነገሩን ሁሉ አስረዳቸው፤ ዓሣውን፣ ወንዙን፣ ገብስማው ለምን እንደተመረጠ። ሲጨርስ ሁለቱን እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው፤ ላባዎቹ ተንቀሳቀሱ።

"ስለ እጄ ብዙ ጸልያችኋል" አለ። "እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አሁን ግን ለእጄ አትጸልዩልኝ። ዝናቡ ትንሽ እንዲቆይልኝ ጸልዩልኝ።"

ሰውየው ግራ ገባው። "ጋሼ፣ ገበሬው ዝናብ እየጠበቀ ምን ብዬ ልጸልይ?"

"ገበሬው ማሳ ላይ ይዝነብ። እኔ የምለምነው ያንን ወንዝ ብቻ ነው።"

ሰውየው ቡሽ ላይ የተሰኩትን ዝንቦች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ እንዴት ልንሄድ እንዳሰብን ጠየቀኝ። በአውቶቡስ አልኩት። "በአውቶቡስ አይሆንም። እኔ ነኝ የምወስዳችሁ" አለ። በጉዞው ዋዜማ ጎረቤታችን ለመንገዳችን ድፎ ዳቦ ጋግራ መጣች። ስትሰጠኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ወጡ አለቀ እንዴ?" አለችኝ። አልቋል አልኳት፤ ሁለታችንም ሳቅን። ይቅርታ መጠየቂያዋ እሱ ነበር፤ የእኔም እንደዚያው።

በሰኔ መጀመሪያ ላይ ሰውየው በዶልፊን ሚኒባሱ ባሌ አደረሰን። ዝናብ ዘንቦ ነበር፤ ወንዙ ግን ጠጠሩ እስኪታይ ድረስ ጥርት ብሎ ይወርዳል። የወንዙ ጠባቂ የማጥመጃ ፈቃዳችንን አይቶ አሳለፈን። አባቴ ገብስማዋን አስመረጠኝና ክሩ ጫፍ ላይ ቋጠርኩለት። የማጥመጃ ዘንጉን ይዞ ሊወረውር ሞከረ፤ ክሩ ትከሻው ላይ ተጠመጠመ። ፈታሁለት። እንደገና ሞከረና ያው ሆነ። የኅብረቱ መሪ አባቴ እንዳይወድቅ ከኋላው ቀበቶውን ይዞት ነበር፤ ወደ ዳገቱ እያየ እንዳላየ ሆነ።

አባቴ ዘንጉን አቀበለኝ። አልተናደደም፤ ቢናደድ በወደድኩ።

"ከድንጋዩ በላይ ጣዪያት፤ ራሷ ትወርዳለች" አለኝ። ጣልኳት፤ ጠጠር ላይ አረፈች። "እንደገና።" ስንቴ እንዳለኝ አላውቅም። በመጨረሻ ዝንቧ ድንጋዩን አልፋ ስትወርድ ውሃው ከፈት አለና ክሩ ከበደኝ። መጮሄን አስታውሳለሁ። አባቴ ከነጫማው ውሃው ውስጥ ገባ፤ ሰውየውም ቀበቶውን እንደያዘ ተከተለው።

አባቴ ዓሣውን በሁለት እጁ ከውሃው ሳያወጣ ያዘው። ጎኑ ላይ ነጠብጣብ አለው። የሚንቀጠቀጠው የአባቴ እጅ ይሁን ዓሣው መለየት አልቻልኩም። መንጠቆውን እኔ ነቀልኩ። ለረጅም ጊዜ እንደያዘው ቆየና ጣቶቹን ከፈተለት፤ ዓሣው ወዲያው አልሄደም፤ ከዚያ ሄደ።

ዳር ላይ ተቀምጠን ካልሲውን ሳወልቅለት "ጥቅምት ላይ ውሃው ሲጠራ እንመለሳለን" አልኩት። ልቤም እንደዚያ እንዲሆን አጥብቆ ይፈልግ ነበር።

"መንገዱን አይተሽዋል አይደል?" አለኝ።

"አይቼዋለሁ።"

"ጥሩ። አንቺ ትመለሻለሽ።"

ፊቴን ወደ ውሃው አዙሬ አለቀስኩ። እሱ ግን ዘንጉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሳይሰበር ከመጋጠሚያው እንዴት እንደሚነቀልና እንዴት ደርቆ እንደሚቀመጥ ያስረዳኝ ጀመር።