የሙታን ወረቀት

የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኞች «በረኪና» ይሏታል። ቅጽል ስሙ ከሥራዋ ይምጣ ከምላሷ የሚያውቅ የለም፤ ሁለቱም ያቃጥላሉ። ከአርባ ዓመት በላይ የሰው ደምና የሰው ላብ ከአንሶላ ላይ ስታስለቅቅ ኖራለች። አለቆች ተፈራረቁ፣ ማሽኖች ተበላሽተው በሌላ ተተኩ፣ እሷ ግን ከዚያ እርጥብ ወለል ንቅንቅ አላለችም። የመጨረሻው አለቃ፣ ጢሙ በቅጡ ያላቀመቀመ ልጅ፣ አንሶላ እንዴት እንደሚታጠብ ሊያስረዳት ቢሞክር፣ «አንተ የተወለድክበትን አንሶላ ያጠብኩት እኔ ነኝ» ብላ ኩም አደረገችው። እውነቷንም ነበር።

እሑድ እሑድ ግን ያ ምላስ ይታሰራል። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ከበሩ አልፋ ግን አትገባም። ሰው ለቁርባን ወደፊት ሲሄድ እሷ አንገቷን ደፍታ ባለችበት ትቆማለች። ያየ ሁሉ ትሕትና ይመስለዋል። አንድያ ልጇም እንደዚያ ይመስላት ነበር።

ይህች ልጅ ዛሬ አስተማሪ ናት። እናት ፊደል አልቆጠረችምና፣ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የቤቱ ጸሐፊ እሷ ነበረች። ከሁሉም የማይቀረው ሥራዋ የእሑዱ ወረቀት ነው። በአንድ ገጹ የሕያዋን፣ በጀርባው የሙታን የክርስትና ስም ተጽፎ ለቄሱ ይሰጣል፤ ቄሱም በጸሎቱ መሃል ያነቡታል። በእነሱ ወረቀት ላይ በሕያዋን በኩል የልጅቷ ስም ብቻ፣ በሙታን በኩል የአያቷ ስም ብቻ ይሰፍራል። «የአንቺስ እማዬ?» ስትላት፣ «የእኔን ረስቼዋለሁ፤ ስንት ዘመኑ» ትላታለች። ልጅ የነገሯትን ታምናለች፤ ካደገች በኋላም የለመደችውን ነገር ምን ብላ ትመረምራለች።

በረኪና የተወለደችው የክርስቶስ ስም ባልደረሰበት ሰፈር ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት እናቷ ትኩሳት ይዟት በሦስተኛው ቀን እቅፏ ውስጥ ሞተች። ሁለት ዓመት ቆይታ ወደ ከተማ ወረደች፣ ሥራ ያዘች፣ ሰበኩላት፣ አመነች። ሰው ሁሉ ክርስቶስ ከተወለደ ሁለት ሺህ ዓመት አለፈው ይላል። ለእሷ ግን የተወለደው እናቷ በሞተች በሁለተኛው ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ብቻ ዘገየባት፣ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው። የተጠመቀች ዕለት ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ፣ «እናቴስ?» ብላ ያጠመቋትን ቄስ ጠየቀች። ቄሱም ያኔ ከትምህርት ቤት ከወጡ ወር ያልሞላቸው፣ መልስ የማያጡ ጎረምሳ ነበሩና፣ «ያልተጠመቀ አይገባም» ብለዋት ወደሚቀጥለው ተጠማቂ ዞሩ። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ ሳንባዋ ታመመ። ያን ሁሉ ዘመን የማገችው በረኪና መቼም የት ይሄዳል። ሐኪሞቹ፣ አንሶላቸውን ያጠበችላቸው እነዚያው ሐኪሞች፣ ልጅቷን ወደ ኮሪደር ጠርተው እርሟን እንድታወጣ በለሆሳስ ነገሯት። ልጅቷ ለሕሙማን ጸሎት ልታስይዝላት ስትነሣ የክርስትና ስም ተፈለገ። እናት አሁንም «ረሳሁት» አለች። ልጅቷ ተናዳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ሄደችና የድሮው የጥምቀት መዝገብ እንዲታይላት ለመነች። ያጠመቋት ቄስ፣ አሁን የሸበቱት፣ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ አገኙላት።

የእናቷ የዘወትር ስም፣ ዕድሜ አሥራ ሰባት፣ የደበዘዘ የአውራ ጣት አሻራ። ከጎኑ የክርስትና ስም። ልጅቷ ክው አለች። ያ ስም ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ በየሳምንቱ በገዛ እጇ በሙታን በኩል ስትጽፈው የኖረችው ስም ነው። እናቷን በቁሟ ከሙታን ጋር ስትጽፍ አድጋለች፣ ስትጽፍ አስተማሪ ሆናለች። ቄሱም ነገሩ ሲገባቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

ቤት ስትደርስ እናቷ አልጋው ላይ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ልጅቷ እያለቀሰች ጠየቀቻት፤ እናት አላለቀሰችም። እንዲህ ስትል አስረዳቻት፦ በማጠቢያው ቤት እያንዳንዱ አንሶላ ጥግ ላይ የክፍሉ ቁጥር በጥቁር ቀለም ይጻፍበታል። ቁጥር የሌለው አንሶላ የቱንም ያህል ቢነጣ የሚመለስበት ክፍል የለም፣ ተቀዶ የወለል መወልወያ ይሆናል። እናቷ ያለ ስም ሄዳለች። ስሙ የሚገኘው ደግሞ በጥምቀት ነው፤ ያለ ስም አይቆረብም፣ የሞተ ሰውም አይጠመቅም።

«ከየት ላምጣላት ታዲያ?» አለች። «የነበረኝ አንድ ነው። እሱን ሰጠኋት።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቄሱ መጡ። ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው፣ ልብስ ተጣጥፎ ከተቆለለበት ጠረጴዛ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሌሊቱን ሲያስቡበት ያደሩትን ቀስ እያሉ ነገሯት።

«ልጄ፣ ከእሱ በፊት የሞቱት ሁሉ፣ ከአዳም ጀምሮ፣ በጨለማ ሲጠብቁ ኖረዋል። አንዳቸውም አልተጠመቁም። እሱ ግን ሥጋው መቃብር ሳለ በነፍሱ ወደ ሲኦል ወረደ። ሰበከላቸው፣ ይዟቸውም ወጣ። በር ላይ ቆሞ የክርስትና ስም አልጠየቀም።»

«እናቴ እኮ የሞተችው ከእሱ በኋላ ነው፣ አባ።»

«ወደ እሷ አልደረሰማ። ለእሷ ገና አልመጣም ነበር።»

«ይኼ መጽሐፉ ላይ አለ?»

ቄሱ መዋሸት ይችሉ ነበር፤ የታመመ ሰው ፊት የማይዋሽ ስንት አለ። «የለም» አሉ። «እኔ ተስፋ የማደርገው ነው።»

እሷም ያን ቀን እንዲህ እንዳላሏት ነገረቻቸው። የትኛውን ቀን እንደሆነ ጠየቋት። ስለ ፀጉሯ ውሃ፣ ስለ ጥያቄዋና ስለ መልሳቸው ያለ ቁጣ ተረከችላቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሽማግሌው ምንም ትዝ አላላቸውም፣ ያም ነው አንጀታቸውን የቆረጠው። በርጩማው ላይ አጎንብሰው፣ በእሳቸው ጥፋት እሷ ውጭ እንዳትቀር፣ ስሟን እንድትመልስና ሳትቆርብ እንዳትሞት እንደ ልጅ ለመኗት። ልጅቷም እግሯ ሥር ወድቃ ለመነቻት።

በረኪና ሳሏ እስኪያልፍላት ጠበቀች።

«አባ፣ የነገሩኝ እውነት ከሆነ፣ ስም የሌለውንም ወርዶ የሚያወጣ ከሆነ፣ እኔንም አያጣኝም። እውነት ካልሆነ ደግሞ ስሙን ከእናቴ ላይ ገፍፌ የት ልጥላት ነው?»

ልጅቷ በልቧ እናቷን ረገመቻት፣ አያቷንም፣ ያላየቻትን፣ ረገመቻት፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። ማምሻውን እናት ልጇን ቃል አስገባቻት፦ ያ ስም የአያትየው ነው፣ ስትሞት ለእሷ እንዳይጠራባት።

ከዚያ በዘጠነኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ልጅቷ ትራሷን እያስተካከለችላት ሳለ አረፈች።

መቃብሩ ዳር የማጠቢያ ቤት ሴቶች ከነሥራ ልብሳቸው መጥተው ነበር፤ ያ ጢም ያላወጣው አለቃ እንኳ ሲያለቅስ ታየ። ቄሱ የፍታቱን ጸሎት ሲያነቡ ስም የሚጠራበት ቦታ ደረሱና ቆሙ። ቀና ብለው ልጅቷን አዩዋት። ልጅቷ ልትናገር አፏን ከፈተች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግባት፣ እናቷን ያንን ሁሉ ዘመን ከቆመችበት በር ውስጥ የሚያስገባት አንድ ቃል። ቃል ግን ገብታለች፤ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ገጹ መለሱ። ከዚያ ያንን ስም፣ ያን ሁሉ ዘመን ያነበቡትን፣ ለአያትየው ጠሩት። ትንፋሽ ወሰዱና መጽሐፉ ላይ የሌለ ቃል ጨመሩ።

«ከነልጇ።»

ሰዉ ልብ አላለውም። አፈሩ ተመለሰ፣ ለቀስተኛው ተበተነ፣ ሴቶቹም ወደ ማሽኖቻቸው ተጣደፉ። ልጅቷ ብቻ ቀረችና የቄሱን እጅጌ ያዘች።

«ይበቃት ይሆን፣ አባ?»

«እኔም እሱን እየለመንኩት ነው፣ ልጄ» አሏት።