ጣሊያን ብሎ የጻፈኝ ጸሐፊ

አብሮ አደጎቼ፣ ከይጁቤ የወጣሁ ዕለት ጀንበር ስታዘቀዝቅ እናቴ ጎረቤት እንዳይሰማባት አላለቀሰችም። እጄን ያዘችኝ፣ ለቀቀችኝ፣ በቃ። አባቴ ጣሊያንን ሊዋጋ ጫካ ከገባ ወዲህ ባንዳ ደጃችን ላይ ነበር፤ እኔን ደግሞ አዲስ አበባ ከፈረንሳይ መነኮሳት ዘንድ ተምሬ ስለመጣሁ ለአስተርጓሚነት ፈለጉኝ። አባቴን ለሚያሳድዱት አፍ ከምሆን ብዬ በደምበጫ አድርጌ፣ ቆላውን በእግሬ አቋርጬ ሱዳን ገባሁ። ካርቱም ላይ አንዲት ፈረንሳዊት ባልቴት ቋንቋዋን ስናገር ሰምታ ቀጠረችኝ፤ አገሯ ስትገባም ይዛኝ ሄደች።

አገሯ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። መካከሏ ላይ ከጥንት ነገሥታት ዘመን የቆሙ ቤቶች እንደ ሰካራም ተደጋግፈዋል፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ የተጫነ በቅሎ አያሳልፍም። ወንዙ ድምፅ የለውም፣ እንደ በሽተኛ እያዘገመ ነው የሚሄደው። ብርዱ የእኛን ሐምሌ ያስመሰግናል። ሽሮ አማረኝ ብላት ማዳም ምስር በአሳማ ስብ ቀቅላ አቀረበችልኝ፣ ያውም በረቡዕ።

ማዳም ክፉ አይደለችም። እሑድ እሑድ የከተማውን ግንብ እያሳየችኝ፣ እንግሊዝ እዚህ ስንት ዘመን ገዝቶ እነሱ ግን ፈረንሳይ ሆነው እንደቀሩ በኩራት ትነግረኛለች።

ባለፈው ሐሙስ የመኖሪያ ወረቀት ላወጣ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ፤ ሜሪ ይሉታል። ጸሐፊው አገሬን ጠየቀኝ፣ ኢትዮጵያ አልኩት። መዝገቡን አገላብጦ፣ እንዲህ የሚባል አገር ቀርቷል አለኝና «የጣሊያን ተገዢ» ብሎ መጻፍ ጀመረ።

በአማርኛ «በሕግ አምላክ!» አልኩት። እኛ አገር ይህ ከተባለ ዱላ ያነሳው ያወርዳል፣ የሚሮጠው ይቆማል። ይሄኛው ብዕሩን ቀለም ነክሮ ቀጠለ። በፈረንሳይኛ ደገምኩለት።

«የትኛው አምላክ፣ ማድሞዋዜል?» አለኝ ቀና ሳይል። «እዚህ የሚሠራው መዝገቡ ነው።»

«እንግሊዝ ይህችን ከተማ ሲገዛ አያቶችዎ እንግሊዝ ነን ብለው ፈረሙ?»

ከኋላዬ የተሰለፈች ዓሣ ሻጭ ሳቀች። የጸሐፊው ፊት ቲማቲም መሰለ። «እሱ የድሮ ነገር ነው።»

«እንግዲያው የእኛም የድሮ እስኪሆን ይታገሡ።»

ወረቀቱን ገፋልኝ። ወይ እፈርማለሁ፣ ወይ እስከ ሰኞ ከተማዋን እለቃለሁ። ሳልፈርም ወጣሁ።

ማዳም ነገሩን ስትሰማ «ፊርማ እኮ ቀለም ናት፣ ልጄ» አለችኝ። ቀለም! አባቴ ዋሻ ለዋሻ የሚያድረው እንግዲህ ለቀለም ኖሯል? ከእሷ ጋር እስካሁን አልተነጋገርንም። ግን ለእናንተ ምን እደብቃለሁ፤ ከዚህ ብባረር መሄጃ የለኝም። ካርቱም ዘመድ የለኝም፣ ይጁቤም ያው ባንዳው ደጃችን ላይ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሱዳን ነጋዴ ያደርስላችኋል። ሲደርሳችሁ ሰኞ ካለፈ ብዙ ጊዜ ይሆነዋል። አባቴ ከጫካ ሰው ልኮ ስለ እኔ ካስጠየቀ፣ ሐሙስ ዕለት አልፈርምም ብላ ወጣች በሉት። ስለ ሰኞ ከጠየቀ ግን፣ አልጻፈችልንም በሉት።