ተዝካሩ የተበላው አጥቂ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን በስልኩ አንድ ነገር አሳየኝ። ውጭ አገር ክለቦች ወጣት ኳስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ሲመርጡ ነው። በመጀመሪያው ዙር የተጠሩት ከእናቶቻቸው ጋር ይተቃቀፋሉ፤ መጨረሻ ላይ የቀሩት ደግሞ ወንበራቸው ላይ ኩርምት ብለው ይጠብቃሉ። "እነዚህማ ትርፍራፊ ናቸው ጋሼ" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከትርፍራፊ መካከል አንድ ሰው መርጬ አውቃለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ያኔ ሰቆጣ ውስጥ አዲስ የስፖርት መምህር ነበርኩ፤ ጢሜ እንኳ በቅጡ አልበቀለም። ጥቅምት ላይ፣ ሰዉ በአጨዳ ሳይያዝ፣ ከየወረዳው የመጡ ተጫዋቾች ሜዳ ላይ ይሰለፉና አሰልጣኞች በተራ ይመርጡ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው፤ የፈለግከውን ሰው እጁን ይዘህ፣ ስሙን ጠርተህ፣ ወደ ወገንህ ትወስደዋለህ። የዚያን ዓመት ዕጣ ጥሎኝ የመጨረሻው መራጭ ሆንኩ።

ጠዋት ጉሙ ከሜዳው አልተነሳም። ከቁርሴ የተረፈኝን የባቄላ ቆሎ እየቆረጠምኩ ተጫዋቾቹ ሲሟሟቁ አያለሁ። አንድ ቀጭን፣ ረጅም ወጣት ኳስ በያዘ ቁጥር ሌሎቹ ገለል ይሉለታል። ግራ እግሩ ድንቅ ነው። ግን ማንም አይገፋው፣ ማንም "አቀብለኝ" አይለው። እሱ ባለበት በኩል ጫጫታው ሁሉ ይበርዳል።

"ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?" ብዬ ከጽጽቃ የመጣውን አሰልጣኝ፣ አለሙን ጠየቅኩት።

አለሙ ወደ ልጁ ሳያይ፣ "ኪሮስ ይባላል፤ የእኛው የጽጽቃ ልጅ ነው። ተዝካሩን በልቻለሁ" አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ቀልድ አልነበረም። ኪሮስ ወደ ዓረብ አገር ሲሻገር ጀልባዋ ሰጠመች ተባለ፤ አብሮት የተሰደደ ሰው ሲሞት አየሁት ብሎ መርዶ ላከ። ተለቀሰ፣ ፍትሐት ተደረገ፣ በአርባው አገሩ ሁሉ ተጠርቶ በላ፣ ጠጣ። ከዓመት በኋላ፣ በከባድ ዝናብ፣ ኪሮስ በእግሩ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ቄሱ፣ ሰው በሕይወት እያለ ለራሱ እንደሚያስበላው ቆጥረው፣ "የቁም ተዝካር ይሁንልህ" ብለው ሊገላግሉት ሞከሩ። ሰዉ ግን አልተገላገለም። ነፍስ ይማር ብለህ ከበላህ በኋላ የዚያን ሰው እጅ መጨበጥ ቀላል አይደለም። እናቱ እንኳ ጥቁሯን አላወለቀችም።

ምርጫው ተጀመረ። ዙር በዙር ላይ አለፈ፤ ሰልፉ ሳሳ፣ ሳሳና ኪሮስ ጉሙ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ተራው የእኔ ነው። ትቼው ብሄድ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ሄጄ እጁን ያዝኩት፤ በረዶ ነው።

"መምህር፣ ፈሩኝ?" አለኝ፣ የአፍ መፍቻው ኽምጣንኛ በሚሰማበት አማርኛው።

"ፈርቻለሁ" አልኩት።

"እኔም አንዳንዴ ራሴን እፈራለሁ። እናቴ እዚያ ማዶ ቆማለች። 'ሰው ስምህን ሲጠራ ከሰማሁ ጥቁሬን አወልቃለሁ' ብላኛለች። ይጥሩኝ።"

ጠራሁት። ድምፄ ግን ከሹክሹክታ አላለፈም፤ ከእኔ በቀር የሰማው ያለ አይመስለኝም።

ከሰዓት ተጫወትን። የራሴ ተጫዋቾች ኳስ አያቀብሉትም። አንዴ የባዘነች ኳስ አገኘና ወደ ግቡ አመራ፤ ተከላካዮቹ በር እንደሚከፈት ግራና ቀኝ ተከፈሉለት። መታት፣ ገባች። ማንም አልጮኸም። ንፋሱ መረቡን ሲያወዛውዘው ይሰማ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጎል ከዚያ ወዲህ አላየሁም፣ ማየትም አልፈልግም።

ከተጋጣሚያችን ተከላካዮች አንዱ ግን ከአበርገሌ ቆላ የመጣ ደንዳና ሰው ነበር፤ የጽጽቃን ወሬ የነገረው የለም። ከእረፍት በኋላ ማንንም እንደሚጠልፍ ኪሮስን ጠለፈው። ኪሮስ በደረቱ ወደቀ፣ ጉልበቱ ተላጠ። ደሙ ካልሲው ላይ ሲወርድ ሰዉ ሁሉ አየ።

ከዚያ አንዱ፣ "ኧረ ዳኛ! ኪሮስን ሰበረው እኮ!" ብሎ ጮኸ። "ኪሮስን!" አለ ሌላው። ንዴቱ ተዛመተ፤ አለሙ ሳይቀር የኪሮስን ስም እየጠራ ዳኛውን ይራገማል። ኪሮስ መሬት ላይ እንደተጋደመ ይስቃል።

እናቱ ሰዉን እየገፋች ገባች። ጎንበስ ብላ ደሙን በጣቷ ነካች።

"ትኩስ ነው" አለች።

ጥቁር ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ ጉልበቱን አሰረችበት። እንባዬ መጣ፤ ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም፣ ሁለቱም አብረው ነው የያዙኝ።

ኪሮስ ኋላ ወልድያ ሄዶ ለዓመታት ተጫወተ፤ እዚያው አገባ፣ ወለደ። ሰዎች ተጫዋች የማየት ዓይን አለህ ይሉኛል። ምን ዓይን! እኔ የመጨረሻው መራጭ ነበርኩ፣ የቀረውም እሱ ብቻ ነበር። ኪሮስ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልልኛል። ስልኩን ሳነሳ ወዲያው አልናገርም፤ መጀመሪያ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ይህን ልማዴን ያውቃል። ትንሽ ይታገሠኝና፣ "አለሁ መምህር" ይለኛል፤ "አለሁ።"