አጎቴ ስሜን የጠየቁኝ ቀን

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ሥጋ ቤት አስተናጋጅ ነኝ። ያኔ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ ከሰው ጋር ብዙ ስለማላወራ ሁሉም "አንቺ ልጅ" ነበር የሚሉኝ።

በዚያ ሰሞን ወጣቶቹ ደጋግመው የሚያስከፍቱት አንድ አዲስ ዘፈን ነበር። ከኪቦርዱ ሥር ማሲንቆ ይሰማል። ዜማውን አውቀዋለሁ። ከማንኩሳ ወዲያ፣ በእናቴ አገር፣ አጎቴ በየሠርጉ የሚጫወቱት ነው፤ እሳቸውም ከአባታቸው የተቀበሉት። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ትምህርት ቤት ሳለሁ ልጆቹ "የአዝማሪ ዘር፣ እስቲ አዚሚልን" እያሉ ይከቡኝ ነበር። ሥጋ ቤቱ ስገባ ዘመዶቼ በሙሉ ገበሬዎች ናቸው አልኩ።

አንድ ቅዳሜ፣ ለገበያ የመጣው ሰው ምሳ ሲበላ፣ አጎቴ ማሲንቋቸውን ይዘው ገቡ። እዚያ መሥራቴን አያውቁም ነበር። መጀመሪያ ጥሬ ሥጋ የሚቆርጥ አንድ ወፍራም ሰውዬ ፊት ቆሙ።

"አስቀምጥ ቢላውን፣ አሁን ይበቃሃል፤
በሬው ወንድም አለው፣ ከሶ ያስይዝሃል።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰውዬው ራሱ እየሳቀ አንድ ጉርሻ አጎረሳቸው።

"ዜማው የዚያ ዘፈን እኮ ነው!" አለ አንዱ ወጣት። "አባባ፣ እርስዎም ከስልክ መልቀም ጀመሩ?"

"ምን ላድርግ ልጄ፣ ጊዜው ነው" አሉ አጎቴ።

ዜማው የእሳቸው መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰሃን አነሳሁ።

"ይችንም ያወድሱልን አባባ፣ ድምፅ የላትም!" አለ ሌላው፣ ወደ እኔ እየጠቆመ።

አጎቴ ዞረው አዩኝ። ፊታቸው በራ። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ይህን አይተው፣ አዝማሪ የማያውቀውን ሰው ከማወደሱ በፊት እንደሚያደርገው፣ ጠየቁኝ።

"ስምሽን ማን ልበል፣ እታለም?"

ያንን ስም ያወጡልኝ ራሳቸው ናቸው። ብናገረው ዝምድናችን የሚታወቅብኝ መሰለኝና አፌ ላይ የመጣልኝን የሌላ ሴት ስም ነገርኳቸው። በዚያ ስም አወደሱኝ። ይህን ዓይን ያወረሰችሽ እናት ትባረክ ብለው ዘፈኑ። እናቴ እህታቸው ናት። ሰዉ አጨበጨበ፣ አንዱ በስልኩ ቀረጸ፤ እኔ ጓዳ ገብቼ ቆምኩ።

በሳምንቱ እረፍት ጠይቄ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የማሲንቋቸውን ጭራ ይቀይራሉ። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"አጎቴ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"ምን አደረግሽኝ?"

"ቅዳሜ ዕለት…"

"ሥራ ላይ አልነበርሽ? እኔም ሥራ ላይ ነበርሁ።" ጭራውን ወጠሩ። "ብቻ ያ ያልሽኝ ስም ረዝሞ ግጥም አላስገባ አለኝ። ሌላ ጊዜ አጠር ያለ ምረጪ።"

እየቀለዱ ነበር። "ሌላ ጊዜ" ማለታቸው ግን ቢቆጡኝ ከሚያሳፍረኝ በላይ አሳፈረኝ፤ ደግሜ እንደማደርገው ጨርሰው አውቀዋል። አላደርገውም ልል ፈለግሁ፣ ግን ጎንበስ ብዬ የወደቀውን አሮጌ ጭራ ለቀምኩ።

ያ የተቀረጸው ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ደንበኞቹ አሁን በዚያ ስም ይጠሩኛል። እኔም "አቤት" እላለሁ።