ጫልቱ ያልሰካችው ስቶቭ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። የሱሉልታ መንገድ ዳር እንዳሁኑ በፎቅ ሳይሞላ፣ ደቻሳም በሕይወት እያለ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ይምታታብኛል። የሠራሁትን ግን አንዱንም አልረሳሁም። እስካለፈው ወር ድረስ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ፣ አፈሩን ያቅልልላትና፣ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአት እየዘረዘርኩ ይቺን እዘላት ነበር። እናንተ አታውቁኝም፤ ምናልባት ለዚያ ይሆናል ለእናንተ መናገሩ የቀለለኝ።

ደቻሳ ጎረቤቴ ነበር። ጎረቤት ልበለው እንጂ ወንድሜ ነው። ላሞች ነበሩት፤ መብራት በሄደ ቁጥር ወተቱ እየተበላሸ ተቸግሮ ነበር። እኔ ደግሞ በሰፈሩ መጀመሪያ ሶላር ያስገባሁ ሰው ነኝ። የሚያሠራልኝ አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ ቢሆንም ሰው ሁሉ እኔን ይጠይቃል። ደቻሳ ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ማዶ «አካም ቡልቴ፣ ኢንጂነር» ብሎ እንዴት አደርክ ይለኝ ነበር። ቀልዱን ነው። አራተኛ ክፍል ያልጨረሰ ኢንጂነር የት አለ? እኔ ግን ቀልዱን ወደድኩት፤ አንዳንዴም አመንኩት።

አንድ ቀን መጣና ፍሪጁን በሶላር ሊያሠራ እንደሆነ ነገረኝ። የሶላሩን ኃይል ለፍሪጁ የሚሆን መብራት የሚያደርገውን ኢንቨርተር አንተ ምረጥልኝ፣ ከማንም በላይ የማምነው አንተን ነው አለኝ። የፍሪጁን ቁጥር ከጀርባው አነበብን፤ መቶ ሃምሳ ዋት። አምፖሎቹንና ቴሌቪዥኑን ጨምረን ብንደምር ሦስት መቶ አይሞላም። የእኔን ሶላር የገጠመችልኝ ሰናይት የምትባል የቡራዩ ባለሙያ ነበረችና ደወልኩላት። ፍሪጅ ካለ ነገሩ በመደመር ብቻ እንደማያልቅ አስረዳችኝ። ሞተሩ ሲነሳ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ከተጻፈበት አምስት ስድስት እጥፍ ይጠይቃል። ስለዚህ ኢንቨርተሩ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ከሺህ ዋት አይነስ አለችኝ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ለአፍታ ብቻ የሚችለው ነው፤ እቃው ጀርባ ላይ በትንሹ የተጻፈውን ይዩ ብላ አስጠነቀቀችኝ። «ገባኝ ልጄ» አልኳት። አልገባኝም ነበር። ድገሚልኝ ብል ምን ይቀርብኝ ነበር?

ከተማ ወርጄ ካርቶኑ ላይ 1000 የሚል አየሁና አነሳሁ። ባለሱቁ ምን ልታሠሩበት ነው ብሎ ቢጠይቀኝ፣ እናውቃለን እኛ ብዬ አለፍኩት። ጀርባውን እንኳ ገልበጥ አላደረግኩም።

ጥቂት ሳምንት ሠራ። ፍሪጁ በተነሳ ቁጥር ግን ኢንቨርተሩ ይጮሃል። የደቻሳ ሚስት ጫልቱ፣ «ኦቦ ወልዴ፣ ይሄ እቃ ያቃስታል እኮ» ትለኛለች። አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል እላታለሁ፤ ጫማ ይመስል።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ደቻሳ ጠራኝ። ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፤ የሁለት ቀን ወተት ተበላሽቷል። ኢንቨርተሩን ከግድግዳው ፈትቼ አወረድኩት። ጀርባው ላይ 500 ይላል። ፊደሉ ቢያቅተኝ ቁጥር አያቅተኝም፤ አየሁት። ሰናይት ያለችኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ደቻሳ ከኋላዬ ቆሞ ምን ነካው አለኝ። ጫልቱ ከልጆቿ ጋር በሩ ላይ ናት። እቃውን በጋቢዬ ጠቅለል አደረግኩና፣

«ስቶቭ ተሰክቶበት ይሆናል» አልኩ።

ሦስት ቃል ናት። ስቶቩ የጫልቱ ነው፤ ብዙ ዋት የሚጎትት፣ መብራት ሲኖር ብቻ ሻይ የምታፈላበት። «እኔ አልነካሁትም» አለች። ደቻሳ እሷን አየ፣ እኔን አየ። እኔን አመነ። እስከዛሬ ከሁሉ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፤ እኔን ማመኑ።

ልጆቿ ፊት ውሸታም ተባለች። እሷም አልነካሁም አለች፣ እሱም ነክተሻል አለ፤ ነገሩ ከረረና ሰበታ ወንድሟ ቤት ገባች። ሽማግሌ ይላክ ተባለ። የሽማግሌዎቹ ዋና ማን ሆነ? እኔ። እምቢ ማለት አልቻልኩም ብል ውሸት ይሆናል፤ እችል ነበር።

ወንድሟ ግቢ ተቀመጥን። ጫልቱ የእርቅ ልመና ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዛ መሃላችን ቆመች። ጥፋትሽን እመኚና ወደ ቤትሽ ግቢ አልኳት፤ በዚህ አፌ። ወንድሟን ዞር ብላ አየች። ከዚያ፣ «ሳላውቅ ነክቼው ይሆናል፤ አጥፍቻለሁ» አለች። ሣሩን እጄ ላይ አስቀምጣ ጉልበቴን ሳመች። እኔም መረቅኳቸው፤ አሜን ተባለ። አጥፊው ዳኛ ሆኖ ያላጠፋችውን ይቅር ያሰኘበት ሽምግልና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ኋላ ሰናይት ራሷ መጥታ ትልቁን ኢንቨርተር ገጠመች፤ ፍሪጁም ያለ ጩኸት ሠራ። የተቃጠለውን እስኪ ልየው ብትለኝ ጣልኩት አልኳት።

ደቻሳ የሞተው ከዚያ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው። ታሞ ተኝቶ ሳለ እጄን ያዘኝ። «ጫልቱን በዚያ በስቶቩ ነገር ከልቤ ይቅር ብያታለሁ። እኔ መናገሩን አፈርኩ፤ አንተ ንገርልኝ» አለኝ። ያን ሰዓት እንኳ እውነቱን አልነገርኩትም። እነግራታለሁ አልኩት። እሷ ላይ ምንም ቂም ሊኖረው የማይገባው ሰው፣ ይቅር ብያለሁ ብሎ ሞተ።

ይናፍቀኛል። ጠዋት ሯጮቹ በአስፋልቱ ሲያልፉ አጥሩ ሥር ቆመን፣ ያ ቀጭኑ ዛሬ ደከመው፣ ያቺ ባለ ቀይዋ ትቀድማለች እያልን እንከራከር ነበር። ዛሬም እቆማለሁ። ያልፋሉ። የምከራከረው የለኝም። አንዳንዴ የጠራኝ መስሎኝ ዞር እላለሁ። ደግሞም ድምፁን ስናፍቅ ያቺ ሦስት ቃል ተከትላ ትመጣለች። ወንድሜን በንጹሕ ልብ መናፈቅ እንኳ አልተፈቀደልኝም። ማን ከለከለኝ? እኔው።

ባለፈው ወር ተነስቼ ዓለም ገና ሄድኩ፤ ጫልቱ ዛሬ ሴት ልጇ ዘንድ ናት። ሁሉንም፣ የደቻሳን አደራ ጨምሮ፣ ነገርኳት። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ብዙ አየችው።

«እኔ እኮ ሰክቼው ረስቼ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት» አለችኝ። «ይቺን እጄን አላምናትም ነበር።»

ከዚያ ለእኔ የነገሩኝን ለልጆቼ ይንገሩ አለችኝ። እሁድ ተሰብስበው ጠበቁኝ። ጀመርኩ። ሣሩ ላይ ስደርስ ትልቁ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ያን ጊዜ ንግግሬን አቋርጬ ጋቢዬን ሰበሰብኩ። ልነሳም ቃጣኝ። እዚህ ልተወውና ልሂድ አልኩ በሆዴ፤ የቀረውን ራሳቸው ይገምቱት።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሰው፣ «ይጨርሱት፣ ኦቦ ወልዴ» አለችኝ። ጨረስኩት።

ይቅርታ አልለመንኩም። ደቻሳን የት አገኘዋለሁ? ልጆቹስ ውሸታም እየተባለች ያዩዋትን እናት በምን እመልስላቸዋለሁ? አላዋቂ ነበርኩ አልልም፤ 500 የሚለውን አንብቤያለሁ። ያን ቀን ግን ሳልወድቅ እስከ መጨረሻው እንድናገር የደገፈችኝ ማን ናት ብትሉኝ፣ ጫልቱ ናት።