ካምሲን ክንዱን ያወረደ ዕለት

ባለፈው ዓርብ የእህቴ ልጅ ሀያት ከጋቦዴ ሰፈር ደወለችልኝ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ፣ "አጎቴ፣ አበላሹት!" አለች። ሰው የሞተ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። ነገሩ ለካ የምትከታተለው የሥዕል ታሪክ ነው፤ እዚህ ልጆች በፈረንሳይኛ ቤዴ የሚሉት። ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች በቡድን ሆነው ከተማ የሚያድኑበት ነው። ደራሲው ተቀየረና አዲሱ ሰው ቡድኑን በተነው። ውጊያውን ትቶ የአንዷን ጀግና እናት አሳመመና ሆስፒታል ውስጥ ቁጭ አለ።

"ማን ጠየቀው?" ትላለች ሀያት። "የራሱን ለምን አይፈጥርም? የሰው ይዞ!"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ሱቄን ዞር ብዬ አየሁ። ይህንኑ ንግግር በዚሁ ሱቅ ውስጥ፣ በዚሁ ባንኮኒ ፊት፣ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሱቃችን ያኔም ካርቲየ 2 በሚባለው የወደብ ከተማችን ሰፈር ውስጥ ነበር። አባቴ ከድሬዳዋ መጥቶ የከፈተው፣ ሩዝና ዘይት፣ የዱቄት ወተትና የስልክ ካርድ የምንሸጥበት ጠባብ ቤት ነው። እኔ ትምህርት ቶሎ አቁሜ ነበር። ፈረንሳይኛ ማንበብ የተማርኩት ከካርቶን ላይ ጽሑፍና የፈረንጅ ቤተሰቦች ሲሄዱ ጥለዋቸው ከሚሄዱ አሮጌ ቤዴዎች ነው። አማርኛውን አባቴ አስተምሮኛል፤ ፊደል ሳበላሽ ዝም ብሎ አያልፈኝም ነበር።

ናስር የጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ ቤተሰቦቹ የሐረር ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። እሱ ይስላል፣ እኔ በንግግሩ ክበብ ውስጥ ፊደሉን እጽፋለሁ። ከቀትር በኋላ ሱቆች ሁሉ ሲዘጉ፣ ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው ሲገቡና መንገዱ ላይ ከፍየሎች በቀር ማንም ሲጠፋ፣ እኛ በሩን ገርበብ አድርገን ከቬንቲሌተሩ ሥር እንቀመጥ ነበር። በበጋው ሙቀት ላባችን ቀለሙን እንዳያፈሰው ከእጃችን ሥር ፎጣ እናነጥፋለን። እኔ መስመሩን በማስመሪያ እለካለሁ፤ ከፊደሎቹ አንዱ በፀጉር ያህል ከዘመመ ፍቄ እንደገና እጽፋለሁ። ናስር ይስቅብኛል። "አቦ፣ ቁርኣን እየጻፍክ ነው እንዴ?" ይለኛል።

ታሪኩ "የወደቡ አራት" ይባል ነበር። መሪው ካምሲን ነው፤ በበጋ ከበረሃው የሚነሣውን ትኩስ ነፋስ ይጋልባል፣ በመዳፉም ሰብስቦ ይወረውራል። ጨው የምትባል ልጅ ወደ ጨው ዓምድ ትለወጣለች። ክሬን ኮንቴነር በአንድ እጁ ያነሳል። ዝምታ ደግሞ ድምፅን ሁሉ ያጠፋል። በየሳምንቱ ከባሕር አንድ ጭራቅ ይወጣል፣ በየሳምንቱ ተመትቶ ይመለሳል። ናስር ካምሲንን ሲስለው የራሱን አፍንጫ ነበር የሚሰጠው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ሐሙስ ማታ አዲሱን ገጽ ከባንኮኒው መስታወት ሥር እናስገባለን። ሰው ስኳር ሊገዛ ይመጣና ጎንበስ ብሎ ያነባል። እኔ ከባንኮኒው ኋላ ስለምቆም እስከ ዛሬ የካምሲን ፊት ትዝ ሲለኝ ተገልብጦ ነው የሚታየኝ።

በግንቦት፣ አቅም ያለው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ደጋ መውጣት ሲጀምር፣ የናስር አባት ልጁን ድሬዳዋ ላከው። ከፊራ ገበያ ያለው አጎቱ ታሟልና ሱቁን ይጠብቅለት ተባለ። የመጨረሻውን ገጽ ሰጥቶኝ ሄደ። ካምሲን ወደቡ ላይ ቆሞ፣ ክንዱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ጭራቁን ሊመታ ነው። "እስክመለስ እንዳታስነካው" አለኝ። "ሁለት ወር ነው።"

ሁለት ወር አለፈ። ስደውልለት "አጎቴ ገና ነው" ይለኛል። ቀጥሎም "ዕቃ ገብቶብናል" አለኝ። ገጹ ከመስታወቱ ሥር ቢጫ እየሆነ ሄደ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ሰዓዳ የምትባል ልጅ የስልክ ካርድ ልትገዛ ገባች። የከሚሴ ልጅ ናት፤ ባሕሩ ዳር ፈረንጆች ቤት ተቀጥራ እዚያው ትኖራለች፣ ዕረፍቷ ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው። መስታወቱን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

"ይሄ ሰውዬ መቼ ነው እጁን የሚያወርደው? ስመጣ እንዲሁ፣ ስሄድ እንዲሁ። አልደከመውም?"

"ጭራቁን ሊመታ ነው" አልኳት።

"ጭራቁስ ምን ይጠብቃል?"

"ሠዓሊው እስኪመለስ።"

"አሃ" አለች። "ጨዋ ጭራቅ ነዋ።"

በሚቀጥለው ዓርብ አንድ ወረቀት አጣጥፋ አመጣች። "ካልወደድከው ስኳር ጠቅልልበት" ብላ ባንኮኒው ላይ ጣለችው። ስዘረጋው ካምሲን ክንዱን አውርዶ ትከሻውን እያሸ ነበር። ጭራቁ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። በመጨረሻው ሥዕል አራቱም ጀግኖች የየመኖቹ ምግብ ቤት ገብተው፣ ለሁለት ተሰንጥቆ የተጠበሰ ዓሣ ከሰፊው ቂጣ ጋር ይበላሉ። ሥዕሉ የናስርን ያህል ኃይል የለውም፤ ጣቶቹ ግን የሰው ጣቶች ነበሩ፤ የዓሣው ቅባት ይታይባቸዋል።

"እነዚህ ሰዎች ይሄን ሁሉ ጊዜ ሲዋጉ በልተው አያውቁም እኮ" አለች።

ወረቀቱን ቤት ወስጄ ሳስብበት አደርኩ። ያስጨነቀኝ ሥዕሉ አልነበረም። ይህን ገጽ ከመስታወቱ ሥር ካስገባሁ ናስር አይመለስም ማለቴ ነው። እኔ ያን ማለት አልፈለግሁም፤ ከሱ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም። በማግሥቱ ደወልኩለት።

"ሌላ ሰው ሊስለው ነው።"

"ማን?"

"ሰዓዳ የምትባል፣ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ።"

ከኋላው የገበያው ጫጫታ ይሰማል። "እሺ፤ ስመጣ ግን ታወጣዋለህ" አለ።

"መቼ ነው የምትመጣው?"

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። አልተቋረጠም ነበር።

ፊደሉን ጽፌ ገጹን አስገባሁት።

መጀመሪያ ተቃውሞ በዛ። በድሬዳዋ በኩል እየተመላለሰ ጭነት የሚያመጣው ሾፌር ጋሼ መኮንን ከሁሉ ይብስ ነበር። "እኔ ይሄን ሁሉ በረሃ አቋርጬ የምመጣው ጦርነት ላነብ ነው" ይለኛል። "የሚበላ ሰውማ ቤቴም ሞልቷል።" ይሁን እንጂ ዓሣውን ጨርሰው ሂሳብ ማን እንደሚከፍል ሲጨቃጨቁ ያየ ጊዜ ጮክ ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እናቶችም ማንበብ ጀመሩ፤ ቀድሞ ዘይት ይዘው ዝም ብለው የሚወጡት። ክሬን ወደብ ሥራ ገባ፤ ኃይሉን ግን ደበቀ፣ በሱ ሰበብ ሌሎቹ ሠራተኞች ከሥራ እንዳይባረሩ። ጨው ሠርግ ተጠራችና ምን እንደምትለብስ ጨነቃት። ጭራቅ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ አንዳንዱ መንገድ የጠፋበት ብቻ ነው።

ከዚያ ሰዓዳ ያን ገጽ አመጣች። ካምሲን አውቶቡስ ይሳፈራል። ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ አጎቱ ሱቅ ይሄዳል።

"ይሄን አታድርጊ" አልኳት። "ማን እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል።"

"ስለሚያውቁ እኮ ነው። የት ሄደ እያሉ በየቀኑ የሚጠይቁህ እሱን ነው፣ ሥዕሉን አይደለም።"

"ነፋስ የሚጋልብ ሰው በአውቶቡስ?"

"ሻንጣ ይዞ ይበራል እንዴ?"

ያን ሐሙስ ባንኮኒው ዘንድ እንደወትሮው ሳቅ አልነበረም። አንዲት የናስር አክስት አነበበችና ያመጣችውን ዕቃ መያዣ ረስታ ወጣች። እኔም ሳልደብቅ ገጾቹን ሁሉ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለናስር በጋሼ መኮንን ላክሁለት። ሾፌሩ ሲመለስ "ሰጠሁት" አለኝ። "አልከፈተውም። ከጨርቅ ጣቃዎቹ ሥር አስገባውና ሻሂ አዘዘልኝ።" ከዚያ በኋላ ናስር ስልኬን አያነሳም።

ለአረፋ መጣ። ሙቀቱ ለቆ፣ ከባሕር የሚመጣው ነፋስ መንፈስ ጀምሮ ነበር። በየደጁ ሥጋ ይከፋፈላል፤ ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰዋል። ናስር ከስቷል፣ ጢም አብቅሏል። ሰላም ሳይለኝ ባንኮኒው ላይ አጎነበሰ። ሰዓዳም ለበዓሉ ተለቃ ከቬንቲሌተሩ ሥር ተቀምጣ ነበር።

"ማን ነው መሪዬን ሱቅ ያስገባው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ማን ጠየቀሽ? የራስሽን አትፈጥሪም? የሰው ይዘሽ!"

"ናስር..." አልኩ።

"አንተ ዝም በል፣ ዋርያ! እንዳታስነካው አላልኩህም?" ወደሷ ዞረ። "ካምሲን ሱቅ አይጠብቅም። ካምሲን ወደቡ ላይ ነው!"

ሰዓዳ አልተቆጣችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሱቅ ያስገባህ አባትህ ነው፣ እኔ አይደለሁም" አለችው።

ወጥቶ የሚሄድ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ እንደማላየው እርግጠኛ ነበርኩ። እሱ ግን መስታወቱን ራሱ አነሣና ገጹን አወጣው። ሊቀደው ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልቀደደውም። ቀረብ አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው፤ አፍንጫው የራሱ አፍንጫ ነበር፣ ሰዓዳ አልቀየረችውም።

"እንዲህ አይደለም" አለ በመጨረሻ።

"ምኑ?"

"ከፊራ ባንኮኒ የለንም። መሬት ላይ ነው የምንቀመጠው፣ ጣቃው መሃል።" እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። "እርሳስ ስጠኝ።"

እዚያው ቆሞ አረመው። ባንኮኒውን ፍቆ ካምሲንን እግሩን አጣጥፎ አስቀመጠው፣ ሜትሩን ጉልበቱ ላይ አጋደመለት፣ ከኋላው የጨርቅ ጣቃዎቹን እስከ ጣሪያ ከመረ። እጁ አልረሳም ነበር። የካምሲንን ዓይን ሲነካ ቆም አለ፤ ከዓይኑ ሥር አንዲት ትንሽ መስመር ጨመረ። በእንቅልፍ ማጣት የምትመጣውን።

ከዚያ እርሳሱን አስቀምጦ ሰዓዳን፣ "ከዚያስ ይመለሳል?" አላት። እንዲያ ሲጠይቅ ድምፁ መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብለው ከሚጠይቁኝ ሰዎች ድምፅ የተለየ አልነበረም።

"አላውቅም" አለች። "ሐሙስ ና አንብበው።"

ናስር ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ ድሬዳዋ ተመለሰ።

ሐሙስ ማታ ግን ስልኬ ጮኸ። "ዛሬ ምን ሆነ?" አለኝ። ገጹን ከፊቴ አድርጌ ሥዕል በሥዕል ነገርኩት፤ ማን በየት በኩል እንደቆመ፣ ማን ምን እንዳለ። የዚያን ጊዜ ስልኮቻችን የሚያነሡት ፎቶ ፊደል አይነበብበትም ነበርና እንዲያ አደረግን፤ ሰዓዳ አሠሪዎቿ ሀገር ቀይረው እሷም ወደ ከሚሴ እስክትገባ ድረስ፣ በየሳምንቱ። ካምሲን በታሪኩ አልተመለሰም። ናስርም የጨርቅ ሱቁን ወርሶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ እዚያው ቀረ። ስንገናኝ ስለ ብዙ ነገር እናወራለን።

አንዳንዴ ገጹን እንደተወው ብጠብቅለት ኖሮ እላለሁ። ቃሉን አከብር ነበር። ናስር ግን በመጣ ቁጥር ባንኮኒው ዘንድ ከሱ ይልቅ ወጣት የሆነ፣ ያልተነካ ሰው ይጠብቀው ነበር፤ ደጋግሞ ሊያየው የሚፈልግ አይመስለኝም። ሰዓዳ ታሪኩን ከሱ ወሰደችበት የሚለው አባባል እውነት ነው። ደግሞ ያለበት ቦታ ድረስ የወሰደችለትም እሷ ናት። ሁለቱን አስማምቼ መናገር እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።

ይህን ሁሉ ለሀያት አልነገርኳትም። እንደተናደደች ትናደድ፣ ንዴቷ የራሷ ነው። "እናቲቱን ምን አሟት ነው?" ብዬ ብቻ ጠየቅኋት።

"ኩላሊት" አለች። ከዚያ ስለ አልጋው፣ ስለ ነርሷ፣ ልጅቷ ኃይሏን ተጠቅማ ልታድናት ሞክራ እንዴት እንዳቃታት፣ እናቲቱ ደግሞ አውቃ እንዳላወቀች መስላ እንዴት እንደተኛች ነገረችኝ። ሁለት ደንበኞች መጥተው ሄዱ፣ እሷ ገና አልጨረሰችም። ሐኪሞቹ ምን እንደሚሉ ለማወቅ የሚቀጥለውን እትም መጠበቅ አለባት። እኔም እየጠበቅሁ ነው።