የጫጩቶቹ ውሃ

ባለፈው ሳምንት ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ሚኒባስ ስሳፈር፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የተበሳሳ ካርቶኗን ከፊሉን ጭኔ ላይ አሳረፈች። ከቀዳዳው የጫጩት ጩኸትና ሞቅ ያለ የገለባና የላባ ሽታ ወጣ። ወይ ጉዴ! ስንት ዘመን የሸሸሁት ሽታ መጥቶ ጭኔ ላይ ቁጭ አለ።

ያኔ ቤታችን ውስጥ ጫጩት የምታሳድገው እህቴ ነበረች። አባታችን ዓረብ አገር ሊልካት ወስኖ፣ እሷ አልሄድም ብላ ስታለቅስ ከርማ፣ በመጨረሻ ጫጩቶች ገዝቶ አምጥቶ "በይ እሺ፣ እነዚህ አድገው እንቁላል ከጣሉልሽ ቅሪ" አላት። የአንድ ቀን ጫጩቶች ነበሩ፤ የምታቅፋቸው እናት የላቸውም። መብራት ከጠፋ ስለቆየ አምፖል አይታሰብም። እህቴ የጣውላ ሳጥን ውስጥ የገብስ ገለባ ጠቅጥቃ፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ መሃሉ ላይ ታስቀምጥላቸው ነበር። ተጠግተውት ዓይናቸው ሲከደን እሷም አብራ ታዛጋለች። "አንቺ ዶሮ" እያልኩ እስቅባት ነበር።

የገና ዋዜማ ላሊበላ ያለው ቤታችን በእንግዳ ሞላ። በእግሩ ለመጣ ተሳላሚ እግሩን ሳያጥቡ ማሳደር በእኛ አገር ነውር ነው። ማገዶውም ሙቅ ውሃውም ካለቀ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ አንዲት አሮጊት መነኩሲት በራችን ላይ ቆሙ። እግራቸው ተሰነጣጥቆ ይደማል።

"ልጆቼ፣ እግሬ እንቢ አለኝ" አሉ።

እናቴ ባዶውን ድስት አየች፤ ቀጥላ ሳጥኑን አየች። 

"ይግቡ እማሆይ፣ ውሃ አለ" አለች እህቴ።

ጀሪካኑን ከጫጩቶቹ መሃል አውጥታ፣ ተንበርክካ እግራቸውን አጠበች። በውሃው ፋንታ የራሷን ጋቢ ሳጥኑ ላይ ደረበችና በስስ ነጠላ ቤተ ክርስቲያን አደረች። ጋቢ ያለውን ሙቀት ይይዛል እንጂ ከራሱ አያመነጭም፤ ያኔ ማናችንም አላሰብነውም።

ጠዋት ስንመለስ ሳጥኑ ጸጥ ብሏል። ሙቀት ፍለጋ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው አንድ ጥግ ላይ አልቀዋል። እህቴ ጋቢውን መልሳ አለበሰቻቸው። ምንም ያልሰሙት እማሆይ ሊሰናበቱ መጡና ሳጥኑን አይተው፣ "ያሳደግሽው ይባረክልሽ፣ ከቀዬሽ አይለይሽ ልጄ" አሉ።

"አሜን" አለች፣ ጉልበታቸውን ስማ።

እግዜርን አኩርፌዋለሁ፤ አልደብቅም።

እህቴ ከጥምቀት በኋላ ዓረብ አገር ሄደች። መጀመሪያ ትደውል ነበር፤ "ያ ሳጥን አለ?" ትለኛለች፤ "አለ" እላታለሁ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ቆይቶ እዚያው መሞቷን፣ እዚያው መቀበሯን ሰማን። አፈር እንኳ አላለበስናትም።

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲይዝ ብርዱ በመስኮት ገባ። ነጠላዬን አውልቄ ካርቶኑ ላይ ደረብኩት። ከዚያ ልብስ ብቻውን እንደማይበቃ ትዝ አለኝና ካርቶኑን ሳብ አድርጌ ሆዴ ላይ አቀፍኩት።

"ይከብድሻል እህቴ፣ አምጪው" አለች ሴትየዋ።

"ግድ የለም" አልኳት፣ "ቤት እስኪገቡ እኔ ልያዛቸው።"